ደብዳቤ እስከ ደጃፍ

በደብዳቤ አጻጻፍ ትምህርታችሁ ስለ ቀን፣ ስለ ሰላምታ፣ ስለ ሐተታና ስለ መዝጊያ ቃል ተምራችኋል። እነዚህ ሁሉ የሚነበቡት ግን ፖስታው ከተከፈተ በኋላ ነው። ከመከፈቱ በፊት ደብዳቤው ረጅም ጉዞ ይጓዛል፤ በጉዞውም ላይ ጸሐፊውንም ሆነ ተቀባዩን ከቶ በማያውቁ ሰዎች እጅ ያልፋል። እነዚያ ሰዎች ውስጡን አያነቡም፤ እንዲያነቡትም አይፈቀድላቸውም። የሚያነቡት በፖስታው ፊት የሰፈሩትን ሦስት ወይም አራት መስመሮች ብቻ ነው። ስለዚህ ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው ሁለት አንባቢ አለው ማለት ይቻላል። አንደኛው ውስጡን የሚያነበው ወዳጁ ነው፤ ሁለተኛው ውጩን የሚያነበው የማያውቀው ሰው ነው። ለሁለተኛው አንባቢ በሚገባ ያልጻፈ ሰው፣ ውስጡን የቱን ያህል አሳምሮ ቢጽፍ፣ ከመጀመሪያው አንባቢ ዘንድ አይደርስም።

በዚህ ምንባብ የምንመለከተው የደብዳቤውን ጉዞ መጨረሻ፣ ይኸውም ከመጨረሻው ፖስታ ቤት እስከ ተቀባዩ እጅ ያለውን መንገድ ነው። ይህ መንገድ ከጠቅላላው ጉዞ እጅግ አጭሩ ሲሆን፣ እጅግ አድካሚውም እርሱ ነው። አንድ ሺህ ደብዳቤዎች በአንድ ከረጢት ታስረው በአንድ አውሮፕላን ባሕር ሊሻገሩ ይችላሉ፤ ከደረሱ በኋላ ግን አንድ ሺህ ልዩ ልዩ ደጃፍ ይጠብቃቸዋል። አገሮች ይህን ችግር የሚወጡት በሁለት መንገድ ነው። በአንደኛው መንገድ ሰው ወደ ደብዳቤው ይሄዳል፤ በሁለተኛው መንገድ ደብዳቤው ወደ ሰው ይመጣል። የመጀመሪያውን በአገራችን፣ ሁለተኛውን በአሜሪካ እናያለን። አሜሪካ የተመረጠችው የደጃፍ እደላ ደንብ በዝርዝር ከተጻፈባቸው አገሮች አንዷ በመሆኗ ነው። ከዚህም ሌላ ብዙ ኢትዮጵያውያን ይኖሩባታል፤ ከእናንተም መካከል በዚያ ዘመድ ያለው ተማሪ ጥቂት አይሆንም።

በቀድሞ ጊዜ በአገራችን ደብዳቤ የሚያደርሰው መልእክተኛ ነበር። መልእክተኛው ወረቀቱን ጫፉ በተሰነጠቀ ዘንግ ላይ ሰክቶ፣ ዘንጉን ከፍ አድርጎ ይዞ ይጓዝ ነበር። ዘንጉን ያየ ሁሉ ሰውዬው የአደራ ወረቀት የያዘ መሆኑን ያውቃል። የዚህ ዓይነቱ መልእክተኛ አንድ ትልቅ ጥቅም አለው፤ ይኸውም አፍ ያለው መሆኑ ነው። መንገዱ ቢጠፋው ይጠይቃል፤ ተቀባዩን ከቤቱ ቢያጣው የሄደበትን ጠይቆ ይከተለዋል። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት፣ በ1886 ዓ.ም.፣ የፖስታ አገልግሎት ሲመሠረት ግን ደብዳቤውና መልእክተኛው ተለያዩ። የንጉሠ ነገሥቱና የአንበሳ ሥዕል ያለባቸው፣ በፓሪስ የታተሙ ሰባት ዓይነት ቴምብሮች ወጡ። ቴምብር የተለጠፈበት ደብዳቤ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ ይሄዳል፤ ከላኪው የተቀበለው ሠራተኛና ለተቀባዩ የሚያስረክበው ሠራተኛ አይተዋወቁም። ኢትዮጵያ በ1901 ዓ.ም. የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል ከሆነች ወዲህ ደግሞ ቴምብሯ በውጭ አገርም የታወቀ ሆነ። ስለዚህ የአገራችን ደብዳቤ ስለ እኛ ምንም በማያውቁ ሰዎች እጅ ከዓለም ዳር እስከ ዳር መዞር ጀመረ።

አፍ የሌለው ደብዳቤ ተቀባዩን በምን ያገኘዋል? በከተሞቻችን ቤትን ለይቶ ማመልከት የተለመደው በአካባቢ ምልክት ነው። «ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ ወፍጮ ቤቱን አለፍ ብሎ፣ ሰማያዊ የቆርቆሮ በር ያለው ግቢ» ቢባል ለሠፈሩ ልጅ ከበቂ በላይ ነው። ለማያውቀው ሰው ግን እንዲህ ያለው አነጋገር ፍለጋ ያበዛበታል እንጂ አይጠቅመውም። ወፍጮ ቤቱ ይፈርሳል፤ በሩ ሌላ ቀለም ይቀባል፤ ሰማያዊ በርም አንድ ብቻ አይደለም። ለዚህ ችግር መፍትሔ የሆነው የፖስታ ሣጥን ነው።

የፖስታ ሣጥን የሚባለው በፖስታ ቤቱ ግድግዳ ላይ ተደራርበውና ተደርድረው ከተሠሩት ትንንሽ ሣጥኖች አንዱ ነው። በውጭ በኩል ቁልፍ ያለው መዝጊያ አለው፤ በውስጥ በኩል ለፖስታ ቤቱ ሠራተኛ ክፍት ነው። ሠራተኛው ከውስጥ ይከታል፤ ተከራዩ ከውጭ ከፍቶ ይወስዳል፤ ሁለቱም ሳይተያዩ ይረካከባሉ። ተከራዩ ስለ ሣጥኑ ኪራይ ይከፍላል። በሣጥኑ የማይገባ ጥቅል ወይም የአደራ ደብዳቤ ሲመጣ፣ ማስታወቂያ ወረቀት ብቻ ይገባለትና መታወቂያውን ይዞ በመስኮቱ ይረከባል። የዚህ አሠራር ብልኅነት አድራሻውን ከቤቱ መለየቱ ነው። ሰውዬው በአንድ ከተማ ውስጥ ሦስት ጊዜ ቤት ቢለውጥ፣ የሣጥኑ ቁጥር አብሮት አይለወጥም።

በዚህ ላይ ሁለት ነገር ልብ በሉ። የመጀመሪያው፣ «ፖ.ሣ.ቁ.» ከሚለው ምሕፃረ ቃል ቀጥሎ የሚጻፈው ቁጥር ያለ ከተማው ስም ምንም ትርጉም የሌለው መሆኑ ነው። ቁጥር 25 በደሴም ሊኖር ይችላል፤ በጎንደርም ሊኖር ይችላል። ሁለተኛው፣ ሣጥን የሚከራየው ሁሉም ሰው አለመሆኑ ነው። ብዙ ሰው ደብዳቤ የሚቀበለው በመሥሪያ ቤቱ ወይም በትምህርት ቤቱ ሣጥን ነው። ለዚህም «በ… ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በኩል» ተብሎ ይጻፋል። «በኩል» የምትለው ቃል ትንሽ ብትሆንም ሥራዋ ከባድ ነው፤ የደብዳቤው ባለቤት ተማሪው መሆኑን፣ ትምህርት ቤቱ ግን አስተላላፊ ብቻ መሆኑን ትለያለች። እርሷ ከተዘለለች የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ ፖስታውን ለትምህርት ቤቱ የተጻፈ መስሎት ሊከፍተው ይችላል። ሺህ ተማሪ ባለበት ትምህርት ቤት ደግሞ የተማሪው ስም ከነአባቱና ከነአያቱ ካልተጻፈ፣ ክፍሉም ካልተጨመረ፣ ደብዳቤው በጽሕፈት ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ባለቤት አጥቶ ይሰነብታል።

የፖስታ ሣጥን ድክመትም አለው። ደብዳቤው ደርሶ ሳለ አልደረሰም። ሰኞ በሣጥኑ የገባ ወረቀት ባለቤቱ ዓርብ ቢመጣ አራት ቀን ተኝቶ ይጠብቀዋል። ወረቀቱ ሐሙስ ለሚደረግ የመግቢያ ፈተና የተላከ ጥሪ ቢሆን ምን እንደሚከተል ገምቱ። ከዚህም በላይ ፖስታ ቤቱ የሚገኘው በከተማ ነው፤ የገጠሩ ሰው ወደ ከተማ የሚወጣው ለገበያ ወይም ለሌላ ጉዳይ እንጂ፣ ይመጣ ይሆናል ብሎ ለሚጠረጥረው ደብዳቤ ብቻ አይደለም።

ወደ አሜሪካ ከመሻገራችን በፊት ለሰዋስው ትምህርታችሁ የምትጠቅም አንዲት ነገር ላንሣ። በፖስታ ላይ «ይድረስ ለ… ከ…» ብለን ስንጽፍ አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መጻፋችን ነው። «ይድረስ» ለሦስተኛ መደብ የተነገረ ትእዛዝ ወይም ምኞት ነው፤ ባለቤቱ በቃል ያልተገለጸው «ደብዳቤው» ነው። «ለ» መድረሻውን፣ «ከ» መነሻውን ያመለክታሉ። ብዙ ተማሪዎች «ለ»ን ይጽፉና «ከ»ን ይተዋሉ። ዓረፍተ ነገሩ ለሰዋስው ምሉዕ ሊሆን ይችላል፤ ለፖስታ ቤቱ ግን ጎደሎ ነው። ምክንያቱን በመጨረሻ እናየዋለን።

አሜሪካውያንም ቀድሞ እንደ እኛ ደብዳቤያቸውን ከፖስታ ቤት ሄደው ያመጡ ነበር። በከተማ ቤታቸው ድረስ እንዲመጣላቸው የሚፈልጉ ሰዎች ለአመላላሹ ለብቻው ይከፍሉት ነበር። በእርስ በርስ ጦርነታቸው ጊዜ ሕዝቡ ከጦር ሜዳ የሚመጣ ደብዳቤ እየጠበቀ በፖስታ ቤት ደጃፍ ተሰልፎ ይውል ጀመር። ከእ.ኤ.አ. ሐምሌ 1 ቀን 1863 ጀምሮ ግን በ49 ከተሞች ደብዳቤ ያለ ተጨማሪ ክፍያ እስከ ደጃፍ እንዲታደል ተደረገ።

ይሁን እንጂ ደጃፍ መድረስና ለባለቤቱ ማስረከብ አንድ አይደሉም። በዚያን ጊዜ ፖስተኛው ደብዳቤውን ለሰው በእጁ መስጠት ነበረበት። በር ያንኳኳል፤ ይጠብቃል፤ የቤቱ እመቤት እጇን ከሊጥ አጥባ እስክትመጣ ድረስ ይቆማል። ማንም ካልወጣ ደብዳቤውን ይዞ ተመልሶ በማግሥቱ እንደገና ይመጣል። በእያንዳንዱ በር የሚባክነው ጊዜ ጥቂት ነው፤ በመቶዎች በሚቆጠሩ በሮች ሲበዛ ግን አንድ ፖስተኛ በየቀኑ ከአንድ ሰዓት በላይ ቆሞ ይውል እንደነበር ተገምቷል። በእንግሊዝ አገር ይኸው ችግር ቀደም ብሎ ስለታየ፣ ከእ.ኤ.አ. 1849 ጀምሮ ሰዎች በበራቸው ላይ የደብዳቤ ማስገቢያ ቀዳዳ እንዲያበጁ ይመከሩ ነበር። በአሜሪካ ምክሩ ወደ ግዴታ የተለወጠው ዘግይቶ ነው። ከእ.ኤ.አ. መጋቢት 1 ቀን 1923 ጀምሮ በበሩ ላይ ቀዳዳ ወይም በደጃፉ የደብዳቤ ሣጥን የሌለው ቤት ደብዳቤ አይታደለውም ተባለ። ደንቡ ጨካኝ ይመስላል። ነገር ግን አንድ ቤት የሚያባክነው ጊዜ ከቀጣዮቹ ቤቶች ሁሉ የሚወሰድ መሆኑን ስናስብ፣ ፍትሐዊነቱ ይታየናል።

የገጠሩ ታሪክ ከከተማው ይልቅ አስደሳች ነው። ገበሬዎች ከፖስታ ቤት ርቀው ስለሚኖሩ ደብዳቤያቸውን የሚያገኙት ወደ ከተማ ሲወጡ ብቻ ነበር፤ በዚህ ረገድ ከእኛ ገበሬ የተለዩ አልነበሩም። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 1 ቀን 1896 በዌስት ቨርጂንያ ግዛት ለገጠር ቤቶች የነጻ እደላ ሙከራ ተጀመረ። ፖስተኛው በፈረስና በጋሪ እየዞረ ያድላል፤ ገበሬው ደግሞ በመንገዱ ዳር ደብዳቤ መቀበያ እንዲያቆም ይጠበቅበታል። ስለ መቀበያው ዓይነት የተወሰነ መለኪያ ስላልነበረ እያንዳንዱ ያገኘውን አቆመ። አንዱ ስብ የነበረበትን ባልዲ፣ ሌላው የሽሮፕ ቆርቆሮ፣ ሌላው ባዶ የእንጨት ሣጥን በአጥር እንጨት ላይ ሰቀለ። ዝናብ የገባበት ደብዳቤ ቀለሙ ይፈሳል፤ ክዳን በሌለው ባልዲ የተቀመጠውን ነፋስ ይወስደዋል፤ የተቆረጠ ቆርቆሮ የፖስተኛውን ጣት ይልጠዋል። መንግሥት የሣጥን መለኪያ ማውጣት የጀመረው ይህን ካየ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1915 ሮይ ጆሮልማን የተባለ የፖስታ መሥሪያ ቤቱ መሐንዲስ ያወጣው ንድፍ ጸደቀ። ይህ ሣጥን ወለሉ ዝርግ፣ ጣሪያው እንደ ዋሻ የጎበጠ፣ መዝጊያው በፊት በኩል የሚከፈት፣ በጎኑ ትንሽ ባንዲራ ያለው ነው። በአሜሪካ ፊልሞች ላይ በመንገድ ዳር ቆሞ የምታዩት ሣጥን እርሱ ነው። ጣሪያው ስለ ጎበጠ ዝናብና በረዶ አይጠራቀምበትም፤ ወለሉ ስለ ተዘረጋ ደብዳቤው ሳይታጠፍ ይተኛል።

አሁን ወደ ደንቡ ዝርዝር እንግባ። በዛሬው የአሜሪካ ፖስታ ደንብ መሠረት በመንገድ ዳር የሚቆም የደብዳቤ ሣጥን ታች ወለሉ ከመንገዱ ገጽ ከ41 እስከ 45 ኢንች፣ ማለትም ከ104 እስከ 114 ሳንቲ ሜትር ገደማ ከፍ ማለት አለበት። የሣጥኑ መዝጊያ ከመንገዱ ጠርዝ ከ6 እስከ 8 ኢንች፣ ይኸውም ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ኋላ ይርቃል። በመጀመሪያ ሲያዩት ይህ ሁሉ ቁጥር የጸሐፊ ትርፍ ሥራ ይመስላል። ምክንያቱን ለመረዳት በክፍላችሁ ግድግዳ ላይ በ104 እና በ114 ሳንቲ ሜትር ሁለት መስመር አስምሩ፤ ከዚያም በመኪና ውስጥ የተቀመጠ ሰው እጁን በመስኮት ሲያወጣ የት ላይ እንደሚደርስ ገምቱ። ፖስተኛው ከመኪናው ሳይወርድ፣ ሳይንጠራራና ሳያጎነብስ ደብዳቤውን የሚያስገባበት ከፍታ ይኸው ነው። ሣጥኑ ወደ መንገዱ ቢጠጋ መኪና ይመታዋል፤ ቢርቅ እጅ አይደርስበትም። በአሜሪካ እንደ እኛ አገር የሚነዳው በቀኝ በኩል ስለሆነ ሣጥኑ የሚቆመው መኪናው በሚሄድበት አቅጣጫ በስተ ቀኝ ነው። የመኪና መሪ ግን በግራ ነው። ስለዚህ ለእደላ የሚያገለግሉት ብዙዎቹ የፖስታ መኪናዎች መሪያቸው በቀኝ በኩል እንዲሆን ተደርገው ተሠርተዋል። አንድ ሣጥን በመንገድ ዳር ስለቆመ የመኪናው መሪ ቦታ እስከ መለወጥ ደረሰ ማለት ነው።

ከደንቦቹ ሁሉ እጅግ ማሰብ የሚገባው ስለ ሣጥኑ ቋሚ የተነገረው ነው። ብዙ ሰው ሣጥኑን ጠንካራ አድርጎ ማቆም ይወዳል። በአንዳንድ ሠፈር ወጣቶች ለጨዋታ ብለው ሣጥን በዱላ የመስበር መጥፎ ልማድ ስላላቸው፣ ባለቤቶቹ ተናደው በብረት ቱቦ ውስጥ ኮንክሪት ሞልተው ወይም በድንጋይ ግንብ ገንብተው ያቆሙታል። የመንገድ ደኅንነት ባለ ሥልጣኖች የሚመክሩት ግን ተቃራኒውን ነው። ቋሚው የእንጨት ከሆነ 4 በ4 ኢንች፣ ማለትም 10 በ10 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይሁን፤ የብረት ቱቦ ከሆነ ውፍረቱ 2 ኢንች፣ ማለትም 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሁን፤ ወደ መሬትም ከ24 ኢንች፣ ማለትም ከ61 ሳንቲ ሜትር በላይ አይቀበር ይላሉ። ለምን ቢባል፣ ከመንገድ የወጣ መኪና ቢመታው ተጣጥፎ ወይም ተነቅሎ እንዲወድቅ ነው። የማይነቃነቅ ቋሚ ሣጥኑን ያድናል፤ ነጂውን ግን ይገድላል። የሣጥን ዋጋ ከሰው ነፍስ ጋር አይወዳደርምና፣ ሣጥኑ ደካማ መሆኑ ጉድለቱ ሳይሆን ሥራው ነው።

ሌሎቹን በአጭሩ እንለፋቸው። የቤቱ ቁጥር በሣጥኑ ላይ ቢያንስ በ1 ኢንች ቁመት፣ ማለትም በ2 ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል፣ በግልጽ ይጻፋል። ባንዲራው የሚነሣው ባለቤቱ ቴምብር የለጠፈበትን የሚላክ ደብዳቤ በሣጥኑ ውስጥ ሲያስቀምጥ ነው፤ ፖስተኛው ያን አይቶ ደብዳቤውን ይወስዳል። ለሣጥን ሠሪዎች የወጣው መለኪያ ባንዲራው አረንጓዴ፣ ቡናማ፣ ነጭ፣ ቢጫ ወይም ሰማያዊ እንዳይሆን ይከለክላል፤ በሣር፣ በአፈር፣ በበረዶና በሰማይ መካከል የትኛው ቀለም ከሩቅ እንደሚጠፋ ስታስቡ ምክንያቱን ትገምታላችሁ። ወደ ሣጥኑ የሚወስደውን መንገድ በረዶ መጥረግ የባለቤቱ ተግባር ነው። ውሻ ተለቆ ፖስተኛውን የሚያስፈራ ከሆነም፣ ውሻው እስኪታሰር ድረስ እደላው ሊቋረጥ ይችላል።

እንግዳ የሚመስል አንድ ሕግ ደግሞ አለ። ሣጥኑን የሚገዛውም፣ የሚያቆመውም፣ የሚያድሰውም ባለቤቱ ነው፤ ይሁን እንጂ ከእ.ኤ.አ. 1934 ጀምሮ የፖስታ ዋጋ ያልተከፈለበትን ወረቀት በዚያ ሣጥን ውስጥ ማስገባት በሕግ የተከለከለ ነው። ጎረቤት የስብሰባ ጥሪ ጽፎ በየሣጥኑ ቢከት በመቀጮ ሊጠየቅ ይችላል። የመንደር ማኅበሮች ይህ ሐሳብን የመግለጽ መብታችንን ይነካል ብለው ተሟግተው፣ ጉዳዩ እስከ አገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ደርሶ ነበር፤ ፍርድ ቤቱም እ.ኤ.አ. በ1981 ሕጉን አጸናው። ሣጥኑ በማንኛውም ወረቀት ከተሞላ ለደብዳቤው ቦታ ይጠፋል፤ ማንም ሰው እጁን የሚከትበት ከሆነም የሚወሰደውን ከሚገባው መለየት ያስቸግራል። ይህ አሳማኝ ነው። ያም ሆኖ ቴምብር መግዣ ለሌለው ትንሽ ማኅበር ሕጉ ከባድ መሆኑን መካድ አይቻልም፤ በክፍላችሁ ለክርክር ብታቀርቡት ሁለቱም ወገን የሚለው አያጣም።

እዚህ ላይ ስለ ቋንቋ አንድ ነገር አስተውሉ። ደንቡ «ሣጥኑ ተስማሚ በሆነ ከፍታ ይቁም» ቢል ኖሮ ረጅሙ ሰው በአንገቱ ልክ፣ አጭሩ በወገቡ ልክ ያቆመው ነበር፤ ሁለቱም ደንቡን የፈጸሙ ይመስላቸዋል። «ተስማሚ»፣ «በቂ»፣ «ቀረብ ያለ» የሚሉ ቅጽሎች በወዳጆች መካከል ይሠራሉ፤ ለማይተዋወቁ ሰዎች በሚጻፍ ደንብ ግን የክርክር ምንጭ ናቸው። እንዲሁም ደንቡ «በትክክል 110 ሳንቲ ሜትር» ሳይል «ከ104 እስከ 114» ማለቱ፣ መሬቱ ወጣ ገባ ለሆነበት ሰው ጥቂት መፈናፈኛ ለመስጠት ነው። ገላጭ ድርሰት ስትጽፉ መለኪያችሁ የት ላይ መጥበቅ፣ የት ላይ መላላት እንዳለበት ከዚህ መማር ትችላላችሁ።

በአሜሪካ የሚኖሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን ግን ባለ መንገድ ዳር ሣጥን አይደሉም። በዋሽንግተን አካባቢ በሚገኙት በቨርጂንያና በሜሪላንድ ከተሞች ብዙዎቹ የሚኖሩት ባለ ብዙ ፎቅ ቤቶች ውስጥ ነው። በእነዚህ ቤቶች ሣጥኖቹ በመግቢያው ላይ በአንድ ግድግዳ ተደርድረው ይቆማሉ፤ እያንዳንዱ የራሱ ቁልፍ አለው። በአንድ የመንገድ ቁጥር ሁለት መቶ ቤተሰብ ሊኖር ስለሚችል፣ የክፍሉ ቁጥር የሌለበት ፖስታ በዚያ ግድግዳ ፊት መንታ መንገድ ላይ እንደ ቆመ መንገደኛ ነው። ዛሬ የወዳጅነት ደብዳቤ በስልክና በኢንተርኔት ቢተካም፣ የባንክ ካርድ፣ መንጃ ፈቃድ፣ የፍርድ ቤት መጥሪያ፣ እንዲሁም የመኖሪያ ፈቃድ ካርድ በፖስታ ይላካሉ። አዲስ የገባ ሰው በዘመዱ ቤት ሲቀመጥ ስሙ በሣጥኑ ላይ ካልተጻፈ፣ ፖስተኛው «የዚህ ስም ባለቤት እዚህ አይኖርም» ብሎ ፖስታውን ሊመልሰው ይችላል። ወራት የተጠበቀ ካርድ በዚህ ምክንያት ወደ መጣበት ይመለሳል። ሰውዬው ቤቱ ውስጥ ተቀምጧል፤ ሣጥኑ ግን አያውቀውም። መድኃኒቱ ስሙን በትንሽ ወረቀት ጽፎ ከሣጥኑ ላይ መለጠፍ፣ ወይም እኛ እንደምናደርገው በዘመዱ ስም «በኩል» ማስጻፍ ነው።

ወደ አሜሪካ የሚላክ ፖስታ በላቲን ፊደል፣ በግልጽ ቁጥር ይጻፋል። በመጀመሪያው መስመር የተቀባዩ ስም፣ በሁለተኛው የቤቱ ቁጥር፣ የመንገዱ ስምና የክፍሉ ቁጥር፣ በሦስተኛው የከተማው ስም፣ የግዛቱ ምሕፃረ ቃልና እ.ኤ.አ. በ1963 ሥራ ላይ የዋለው ባለ አምስት አኃዝ የፖስታ መለያ ቁጥር፣ በመጨረሻው የአገሩ ስም ይሰፍራል። ይህ ቅደም ተከተል በዘፈቀደ የወጣ አይደለም፤ እኛ ከላይ ወደ ታች የጻፍነውን ፖስታ ቤቶቹ ከታች ወደ ላይ ያነቡታልና። በአዲስ አበባ ያለው ሠራተኛ የሚያስፈልገው የአገሩ ስም ብቻ ስለሆነ የመጨረሻውን መስመር ያነባል። በአሜሪካ ያለው መለያ መኪና ከእርሱ በላይ ያለውን ያነባል። ፖስተኛው ሁለተኛውን መስመር አንብቦ ከሣጥኑ ፊት ይቆማል። የመጀመሪያውን መስመር፣ ማለትም ስሙን፣ በመጨረሻ የሚያነበው ባለ ስሙ ነው። በአገራችንም ፖስታ ላይ ከተማውን ከሣጥን ቁጥሩ በታች የምንጽፈው በዚሁ ምክንያት ነው።

አሁን ቀደም ብለን ወዳቆየነው ወደ «ከ» እንመለስ። አንድ ደብዳቤ ተቀባዩን ቢያጣ፣ ፖስታ ቤቱ የሚቀረው ሌላ ሰው የጻፈው ሰው ብቻ ነው። የላኪው ስምና የፖስታ ሣጥን ቁጥር በፖስታው ጥግ ወይም በጀርባው ከተጻፈ ደብዳቤው ወደ መጣበት ይመለሳል፤ ላኪውም አድራሻውን አርሞ እንደገና ይልከዋል። ካልተጻፈ ግን የሚሄድበትም የሚመለስበትም የለውም። በአሜሪካ እንዲህ ያሉ ባለቤት ያጡ ደብዳቤዎችና ጥቅሎች የሚሰበሰቡበት፣ በአትላንታ ከተማ የሚገኝ አንድ መሥሪያ ቤት አለ። እዚያ ያሉ ሠራተኞች፣ ሌላው ፖስተኛ ሁሉ የተከለከለውን፣ የማያውቁትን ሰው ፖስታ ከፍተው እንዲመለከቱ በሕግ ተፈቅዶላቸዋል። የሚፈልጉት ግን ውስጡ ያለውን ወሬ አይደለም፤ ደብዳቤው ከማን እንደመጣ የሚነግራቸው አንድ ስምና አንድ ቁጥር ነው።